ከአባ ምሳር ወገብ ላይ የጠፋው

ሠዓሊዋ ሞታ የተገኘችው ራሷ ጀምራ ባልጨረሰችው ሰማይ ሥር ነው። በጀርባዋ ተዘርራለች፤ ማጅራቷ የአሮጌውን ስፌት ፋብሪካ የድንጋይ ደረጃ ተንተርሷል፤ የፈጠጡት ዓይኖቿ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰማያዊ ቀለም ያያሉ። እጆቿ እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ናቸው። ሌሊቱን የወረደው ጭጋግ ግድግዳውንም፣ ደረጃውንም፣ ፀጉሯንም አርጥቦታል፤ ለሚያያት የምታለቅስ ትመስላለች።

መርማሪው አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ባልደረቦቹ በሌለበት «አቶ ቆይ» ይሉታል። ሰው ሁሉ ሲጣደፍ «ቆይ እስኪ» ማለት ልማዱ ነው፤ ሚስቱ ሳትቀር «እንጋባ ስለው እንኳ ቆይ እስኪ ነው ያለኝ» እያለች ታስቅበታለች።

«ምን ያስቆይሃል?» አለው ኃላፊው ከላይ ቆሞ። «መወጣጫውን የሠራው ቀለም ቀቢው ነው፤ ገመዱን ያሰረውም እሱ። ትናንት ከሰዓት ሲጮህባት ጥበቃው ሰምቶታል። ገመዱ ተፈቷል፣ ጣውላው ወርዷል፣ ሴትዮዋ ወድቃለች። ልጁን ይዘነዋል። ነገ ጠዋት መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አሳልፋለሁ።»

«ቆይ እስኪ...»

«ነገ ጠዋት አልኩህ!»

የመርማሪው ዓይን ጣውላው ላይ ነበር። ጣውላው ከባልዲው በተደፋው ሰማያዊ ቀለም መሀል በአግድሙ ተኝቷል። ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ ገለበጠው። ወደ መሬት የነበረው ገጽ ሰማያዊውን ጠጥቶ ጠግቧል፤ ወደ ሰማይ የነበረው ገጽ ግን የቆየ የኖራ ነጠብጣብ ካልሆነ በቀር አንዳች ሰማያዊ አልነካውም። ገመዱን አነሣ። አልተበጠሰም፣ አልተጎተተም፤ አንድ ሰው ቋጠሮውን በጥፍሩ ፈልፍሎ ፈቶታል።

ከመወጣጫው ሥር አንዲት ጣሳ ቡናማ ቀለም ነበረች። ጎንበስ ብሎ አያት፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ሰማይ የምትቀባ ሴት ቡናማ ምን ያደርግላታል?

ግድግዳውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊዋ ወደዚህ ሰፈር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። አመጣጧ ግን እንደ ነፋስ ነበር፤ ያላንኳኳችው በር የለም። «የሰፈራችሁን ታሪክ ንገሩኝ፤ ፋብሪካው ግድግዳ ላይ እንሳለው» አለች። አንዲት የማታጎድላት ደንብ ነበረቻት፦ ታሪክ የነገራት ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን፣ ብሩሽ ጨብጦ ከታሪኩ አንዲት ነገር በገዛ እጁ ይስላል። ያቺን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም አይነካትም፣ ሠዓሊዋም ብትሆን። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ውሻ የሚመስል ፈረስ፣ የተጣመመ ትምህርት ቤት፣ ከቤቱ የሚበልጥ ዶሮ አለ። ሰው እያለፈ ይስቃል፤ የራሱን ሲያገኝ ግን ዝም ብሎ ይቆማል።

በመሀል ደግሞ፣ ከሁሉ ገዝፎ፣ አባ ምሳር ቆሟል። ቡናማ ካፖርት ለብሶ፣ ምሳር አንሥቶ፣ ከኋላው እሳት። ከብዙ ዓመት በፊት ፋብሪካው ሲቃጠል ሴቶቹ ውስጥ ነበሩ፤ በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ከፋብሪካው ባለቤት ጋር ነበር ይባላል። በሩን በምሳር ሰብሮ የቻለውን ያህል ነፍስ ያወጣው የፋብሪካው በር ጠባቂ ነው። ያልወጡትም ነበሩ። ዛሬ አባ ምሳር አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ የምታበላቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው መምህርት ልጃቸው ናት።

ጥበቃው ስለ ትናንት የተናገረው አጭር ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው የገቡት፣ ከሟቿ ሌላ፣ አራት ሰዎች ናቸው፦ ኖራው የሚባለው ቀለም ቀቢ፣ የሰፈሩ ማኅበር ሰብሳቢ፣ አሮጊቷ ልብስ ሰፊና መምህርቷ።

«ማን መጨረሻ ወጣ?»

«እሱን እንኳ... ሻይ ልጠጣ ብቅ ብዬ ነበር። ስመለስ ጭር ብሏል። ሄዳለች ብዬ በሩን ዘጋሁ» አለ ጥበቃው፤ ድምፁ ወደ መጨረሻው ሟሟ።

ሰብሳቢው የመጡት በተተኮሰ ኮት ነው። ምርቃቱ እሑድ ስለነበር ንግግራቸውን በቃል ሲያጠኑ ነበር የሰነበቱት።

«ግድግዳውን ኖራ አስቀባዋለሁ ብለው ዝተውባት ነበር ይባላል» አለ መርማሪው።

«ብያለሁ! ምን ላድርግ? እንግዳ ጠርቼ ውሻ የሚያህል ፈረስ ላሳይ?»

«ፈረስ የሚመስል ውሻ አይደለም እንዴ?»

«አየህ! ማንም አይለየውም!» ሰብሳቢው ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ፊታቸው ዞረ። «ግን እኮ አልቀባሁትም። እኔም ስያለሁ። ያቺ ገርጥታ የቆመች የውሃ ቧንቧ የኔ ናት። ስቀባት ጥቁር ግራጫ ነበረች፤ በማግስቱ ብመጣ አመድ መስላለች። ይህ የኖራ ቀለም እርጥብ እያለ ይዋሽሃል፤ ሲደርቅ ይገረጣል። ኖራው ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅብኝ ከረመ። ከዚያ ወዲያ ሙከራ ጣውላው ላይ ሳልሞክርና ሳላደርቅ ብሩሽ አላነሣም።»

«ሙከራ ጣውላው የቱ ነው?»

ከግድግዳው ጥግ የተደገፈች ሳንቃ አሳዩት። ሰው ሁሉ ቀለሙን መጀመሪያ የሚሞክርባት ናት። አሮጌ ቀለሞቿ በየቀኑ ማታ በነጭ ይሸፈናሉ። ትናንት ማታ ግን የሸፈናት የለም፤ በነጩ ላይ የቀኑ ሁለት ቀለም ብቻ ነበር፦ ሰማያዊና ቢጫ።

መምህርቷ ከትምህርት ቤት መጣች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላ ጫማዋ እንኳ አቧራ የማይነካው ሴት። ዓይኗ አብጧል። ተማሪዎቿ የነበሩት የሰፈሩ ጎልማሶች አሁንም ሲያዩዋት እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ።

«እህቴ ነበረች ማለት እችላለሁ» አለች። «እሷ ስትስል እኔ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሰዉን ታሪክ በመቅጃ እቀዳላት ነበር።»

«እርስዎ ምን ሳሉ?»

«ምንም። አስም አለብኝ፤ የኖራ ብናኝ አይስማማኝም። አንድ ቀን እንኳ ብሩሽ አልያዝኩም። ‘መጨረሻ ላይ አስይዝሻለሁ’ ትለኝ ነበር።» ወደ ዛፉ አየች። «ትናንት ስሄድ ሰማዩን እየቀባች ነበር። ኖራው... ከልጅነቱ ነው የማውቀው፣ አስተምሬዋለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሲቆጣ ነው እንጂ።»

«ሲቆጣ ምን ያደርጋል?»

«እኔ እንጃ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ኖራው በማረፊያ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እናቱ በዚያ እሳት ስትሞት ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር፤ ያሳደገችው አክስቱ ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ጮኸህባታል?»

«ጮኼባታለሁ። ብቻሽን አትውጪ፣ ስትወጪ የሚይዝሽ ሰው ይኑር አልኳት። ‘እሺ አባቴ’ ብላ ሳቀችብኝ። ተናድጄ ሄድኩ።» እጆቹን አያቸው። «ጋሼ፣ እኔ ያሰርኩት ገመድ አይፈታም። እንደዚያ ብዬ ስናገር ግን ራሴን ነው የማስረው አይደል? ካልተፈታ ማን ፈታው ይሉኛል።»

«እኔም እሱን ነው የምልህ» አለ መርማሪው።

ወደ ግቢው ሲመለስ ፀሐይ ከፋብሪካው ጣሪያ ዞራ ግድግዳውን ፊት ለፊት ይዛው ነበር። ጭጋጉ ያጠቆረው ሁሉ ደርቆ፣ ቀለሞቹ ፈክተው ነበር። መርማሪው ከበሩ ሁለት እርምጃ ሳይገባ ቆመ።

አባ ምሳር ወገብ ላይ፣ ቡናማው ካፖርት መሀል፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ገርጥታ ወጥታለች። ጠዋት አልነበረችም። ጠዋት ካፖርቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ነበር፤ ይህን ፖሊስ ጠዋት ያነሣው ፎቶ ይመሰክራል። አሁን ግን የወየበች፣ ልክ ቁስል ላይ እንደተለጠፈ ፕላስተር ያለች ቦታ ሆናለች።

ጣሳዋን ቡናማ አመጣ። ብሩሽ ነክሮ ከግድግዳው ባዶ ጥግ ላይ ቀባ። እርጥቡ ቀለም ከካፖርቱ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ሥራዋን ስትሠራ፣ ቀለሙ ቀስ በቀስ ሲከዳው፣ ሳይነቃነቅ አየው። ሲነሣ ያቺኑ የወየበች ቡናማ አገኘ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ከግቢው ጀርባ ነው። ግራ እጃቸው በቃጠሎው ተጨማዶ ቀርቷል፤ በቀኛቸው ብቻ መርፌ ክር ሲያስገቡ መርማሪው በሩ ላይ ደረሰ።

«ልጄን ልትፈታልኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትጨምርልኝ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው እማማ። አባ ምሳር ወገብ ላይ ምን ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው ነበር? አለ እንጂ! ትናንት ከሰዓት በገዛ እጄ የሳልኩት ቁልፌ ነው!»

«ቁልፍ?»

«አዎ፣ ቢጫ ቁልፍ፤ ከቀበቶው የተንጠለጠለ። እሷ ከሥር ቆማ መወጣጫውን ይዛልኝ ነው የወጣሁት፤ እንዲህ ስታየኝ ገና አልሞትኩም። ምን፣ እሱም ገረጣ እንዴ? መጀመሪያ የሳልኩት የስፌት መኪና እንደዚያ ነው የሆነው። እስክትደርቅ ቆንጆ ነበረች፣ ልክ እንደኔ።» ሊስቁ አሉና ተዉት። «ቁልፉን ግን ሞክሬና አድርቄ ነው የቀባሁት።»

«የምን ቁልፍ ነው?»

ነገሩት። ነገሩ ይበልጥ ጨለመበት። ማን እንደገደለ አውቋል፤ ለምን እንደገደለ ግን ከሰፊዋ መልስ በኋላ ጭራሽ አልታየውም።

ፀሐይ ሳትዞር ሁሉንም ግድግዳው ፊት ሰበሰባቸው። ሰብሳቢው ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ። ሰፊዋ ወንበር ተሰጣቸው። መምህርቷ ከዛፉ ሥር፣ እንደ ወትሮው ቦታዋ ላይ ነበረች። ኖራው እጁ በካቴና ሆኖ ከፖሊስ ጋር መጣ፤ ኃላፊው ከኋላው ሰዓቱን እያየ።

«ከጣውላው ልጀምር» አለ መርማሪው። «ሠዓሊዋ ከጣውላው ጋር ወድቃ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ጣውላው ላይ በተደፋ ነበር። ጣውላው ግን ቀድሞ በተደፋ ቀለም ላይ ነው የተኛው። ላይኛው ገጹ ንጹሕ ነው። እሷ ወደቀች፤ ቀለሟ ፈሰሰ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ገመዱን ፈትቶ ጣውላውን አወረደው። አደጋ እንዲመስል፣ ጥፋቱም የአሳሪው እንዲሆን። ኖራው ገዳይ ቢሆን ‘ያሰርኩት ተፈታ’ ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል? ጣቱን ወደ ራሱ የሚቀስር ማስመሰያ ማን ይሠራል?»

ኃላፊው ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ሁለተኛ፣ ይህች ጣሳ። ሟቿ እጅ ላይ ያለው ሰማያዊ ብቻ ነው። ቡናማውን የበጠበጠው ሌላ ሰው ነው፤ ሙከራ ጣውላው ላይም አልሞከረውም። በዚህ ቡናማ አባ ምሳር ወገብ ላይ ያለውን ነገር ሸፈነው። ትናንት ሊመሽ ሲል፣ ቀለሙ እርጥብ ሆኖ ሲያየው ገጥሞለታል። ረክቶ ሄደ። ዛሬ ሲደርቅ ገረጣ።»

«እንደኔ ቧንቧ» አሉ ሰብሳቢው ሳያስቡት።

«እንደ እርስዎ ቧንቧ። አንድ ጊዜ ተስቆብዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ሳይሞክሩ አልቀቡም። እማማም መኪናቸው ገርጥቶባቸዋል፤ አልደገሙትም። ኖራው ሳቂው ነው። እዚህ ሰፈር ብሩሽ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ስሕተት አንድ ጊዜ ሠርቶታል፤ ሁለተኛ አይሠራውም። ትናንት የተሠራው የመጀመሪያ ጊዜ ስሕተት ነው። ትናንት ግቢው ውስጥ ከነበሩት መሀል ብሩሽ ይዞ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

ማንም ዞሮ አላያትም። አለማየታቸው ከማየት ይከብድ ነበር።

«አስም አለብኝ አልኩዎት እኮ» አለች መምህርቷ በቀስታ። «ደግሞ ቀለሙ እንደሚገረጣ ስንቴ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ሳቅ የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

«ሰምተውታል። እጅዎ ግን አያውቀውም። ሬሳ አጠገብ ቆሞ የሚጣደፍ ሰው ደግሞ በእጁ ነው የሚያስበው።» መርማሪው ወደ እሷ ተራመደ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እርስዎ የሸፈኑት የአሮጊት የቤት ቁልፍ ነው። ለቤት ቁልፍ ሰው ይሞታል?»

«የቤት ቁልፍ?» አለች።

«የቤቴ ቁልፍ ነዋ!» አሉ ሰፊዋ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ሥራ ስንገባ ቁልፎቻችንን ለአባትሽ ነበር የምንሰጠው፤ ከቀበቶው ላይ ሰክቶ ይጠብቅልን ነበር። ከሐኪም ቤት የወጣሁ ለት ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቤቴን ጠርጎ፣ ውሃ ቀድቶ ቁልፌን በደህናዋ እጄ አስያዘኝ። ይህን ሰው ያለ ቁልፌ እንዴት ይስሉታል ብዬ ነው። ለክብሩ ነው የሳልኩት፣ ልጄ!»

መምህርቷ ዛፉን ያዘች።

«የፋብሪካው በር ቁልፍ መስሎኝ...»

«የፋብሪካው ቁልፍማ ባለቤቱ ጋር ነበር» አሉ ሰብሳቢው። «ሁላችንም የምናውቀው...»

«አባባ ጋር ነበር!»

ጩኸቷ ግድግዳው ላይ ተላትሞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በዝግታ ተናገረች፣ ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደምታስረዳ። «ጨርቅ እንዳይወጣ ሥራ ሲጀመር ይቆልፍባቸው ነበር፤ ታዞ ነው። እሳቱ ሲነሣ ደንግጦ ሮጠ። ቤት ደርሶ ነው ኪሱን የዳሰሰው። ቁልፉ ሲሮጥ ወድቆበታል። ምሳሩን ይዞ ተመለሰ። ትኩሳት ሲይዘው ያወራዋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ትናንት ሳየው፣ ቢጫ ሆኖ፣ ወገቡ ላይ... አወቁ አልኩ። እሑድ ሰው ሁሉ ያየዋል አልኩ።»

«እሷስ ምን አለች?» አለ መርማሪው።

«አጥፊው አልኳት። ‘በባለታሪክ እጅ የተሳለ አይጠፋም፤ ደግሞ የግድግዳው ልብ ይህ ነው’ አለችኝ። የምታውቅ መሰለኝ። መወጣጫው ላይ ወጣሁባት፤ ክንዷን ያዝኩ። ግራ ገብቷት ታየኝ ነበር። ያኔ እንኳ አልገባኝም፤ ገፋሁ።»

ኖራው የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ እንዳደረገ አያት። «ቲቸር፣ ገመዱን ሲፈቱት እኔን አስበውኝ ነበር?»

መምህርቷ አፏን ከፈተች። «ገመድ ብቻ ነው የታየኝ» አለች በመጨረሻ።

ሰፊዋ አልተቀመጡም። «እህቴ በሩን ስትደበድብ ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን። «‘ቁልፉን አምጡ’ ስትል ነበር። ባለቤቱን የምትጠራ መስሎኝ... ይኸው እስከ ዛሬ ባለቤቱን ስረግም ኖርኩ።» ኖራውን ቀና ብለው አዩት፤ እሱም እናቱን በመልክ እንኳ የማያውቃት ልጅ፣ ፊቱን መሬት ላይ አደረገ።

ካቴናው ከእሱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ እጅ ሄደ። ሲወስዷት መምህርቷ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። «አባባ ምሳውን አልበላም» አለች። «ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። ትንሽ ትንሽ ነው የሚውጠው።»

ሰው ሁሉ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ወደ ሰፊዋ ዞረ። ጎረቤት እሳቸው ናቸው፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል ሽማግሌውን ቀና የሚያደርጓቸውም እሳቸው ነበሩ።

«እኔ ዛሬ አልችልም» አሉ ሰፊዋ። «ነገም እንጃ።» የኖራውን ክንድ ይዘው ወጡ።

መርማሪው ብቻውን ወደ አባ ምሳር ቤት ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አንሶላው ነጭ፣ መድኃኒቱ በሥርዓት ተደርድሯል። ሾርባውን በሳህን ቀድቶ ገባ። ሽማግሌው የእግር ኮቴውን ሰምተው አንገታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

«ልጄ አይደለችም።»

«አይደለችም አባባ። እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳ ጥሩ ነው።» ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው የሳህኑን ጠርዝ ዳሰሱ። «ከግድግዳው ነው የመጣኸው? ኖራ ኖራ ትሸታለህ። እኔን እዚያ ስለውኛል አሉ። እሷን ስጠይቃት ‘ያምራል አባባ’ ብቻ ነው የምትለኝ። ምን አድርገው ሳሉኝ?»

መርማሪው ማንኪያውን እንደያዘ ቆመ።

«ቆመህ አትንገረኝ» አሉት አባ ምሳር። «ቁጭ በልና ንገረኝ፤ ልጄ እስክትመጣ።»